በ37 ዓመታቸው ጀማሪ የሆኑት መምህርት፤ የአድሚራል ግሬስ ሆፐር አጭር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ዓመት ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለጀማሪዎች የሮቦት ሥራና የፕሮግራም አጻጻፍ ማስተማር በጀመርን ጊዜ፣ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ ኦቦ በበሩ ላይ ቆመው ብዙ ጊዜ ይመለከቱን ነበር። ትንሿ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ከግድግዳው አጠገብ ደርሳ ማንም ሳይነካት ዞር ስትል ፈገግ አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ይህን ነገር ሊጀምር ይችል እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔም ራሴ የፕሮግራምን ፊደል የቈጠርሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ስለ ሆነ፣ ይቻላል አልኋቸው፤ ነገር ግን ምክንያቱን አሳምሬ ሳላስረዳቸው መብራት ጠፋና ተለያየን። በዚያ ምሽት ልነግራቸው ይገባኝ የነበረው የሚከተለው የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ግሬስ ብሩስተር መሬይ በዲሴምበር 9 ቀን 1906 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያይቱ ነበሩ። አባታቸው በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ እናታቸው የሒሳብ ትምህርት የሚወዱ ሴት ነበሩ። ግሬስ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚጮኽ ለማወቅ ፈልገው አንዱን ፈቱት። መልሰው መግጠም ስላቃታቸው፣ አሠራሩን ለማየት ሁለተኛውን ፈቱ፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። እናታቸው ነገሩን ባወቁ ጊዜ በቤቱ የነበሩት ሰባት ሰዓቶች ተበታትነው ተገኙ። የተሰጠው ፍርድም ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ሰዓት ብቻ እየፈቱ እንዲማሩ የሚል ሆነ። በብዙዎቻችን ቤት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአርጩሜ ያልቅ ነበር፤ ስለዚህ ወላጆች ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት እለምናለሁ።

አባታቸው በደም ሥር በሽታ ምክንያት እግሮቻቸው የተቈረጡ ሰው ነበሩ። ምናልባትም ከዚህ የተነሣ ሴቶች ልጆቻቸው እንደ ወንድ ልጃቸው ተምረው በራሳቸው ጉልበት የሚኖሩ እንዲሆኑ አጥብቀው ይመኙ ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱ ለግሬስ ቀጥ ያለ አልሆነላቸውም። በ16 ዓመታቸው ቫሳር ወደሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ለመግባት ቢፈተኑ በላቲን ቋንቋ ወደቁ፤ አንድ ዓመት ጠብቀው በ1924 ገቡ። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመርቀው ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የተባሉትን የሥነ ጽሑፍ መምህር ስላገቡ በባላቸው ስም መጠራት ጀመሩ። ከ1931 ጀምሮ በተማሩበት በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ሥራቸው የታወቀ፣ ደመወዛቸው የተወሰነ፣ ወንበራቸው የጸና ነበር። ታሪካቸው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ ባልኖረ።

በዲሴምበር 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን በደበደቡ ጊዜ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ገባች። መምህርቷ ባሕር ኃይል ውስጥ ለመግባት ቢያመለክቱ አይሆንም ተባሉ፤ ዕድሜያቸው ከተፈቀደው በላይ፣ ክብደታቸው ደግሞ ከተፈቀደው በታች ነበርና። 48 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝኑ ነበር ይባላል። ደግሞም የሒሳብ መምህር በጦርነት ጊዜ በማስተማሪያው ወንበር ላይ ቢቈይ ለአገር ይበልጥ ይጠቅማል ተብሎ ይታሰብ ነበር። እርሳቸው ግን እስኪፈቀድላቸው ድረስ አልተዉትም፤ በዲሴምበር 1943 ተቀበሏቸው። ለመኰንንነት በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አብረዋቸው የተሰለፉት በቫሳር ያስተምሯቸው ከነበሩት ልጃገረዶች ጋር እኩያ የሆኑ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱ ጋር ሰልፍ ተሰልፈው፣ ተፈትነው፣ በ1944 ከክፍሉ አንደኛ ሆነው ወጡ።

በጁላይ 1944 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመደቡ። በዚያ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከዚያ በፊት በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት ነገር ቆሞ ነበር። ማርክ አንድ የተባለው የሒሳብ መኪና ነው። ርዝመቱ 15 ሜትር ከግማሽ ያህል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ሲሆን፣ ከ7 መቶ ሺህ በላይ በሆኑ ክፍሎች የተገጣጠመ ነበር። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር አንድ ረጅም ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ያልፍበትና ጥርስ ያላቸውን መንኰራኵሮች ሁሉ ያዞራል። በአንድ ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ይደምራል፤ አንድ ማባዛት ግን 6 ሴኮንድ፣ አንድ ማካፈል 15 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ወራት የሚደክሙበትን ስሌት ቀንና ሌሊት ሳይተኛ የሚሠራ ሌላ መኪና በአሜሪካ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የመኪናው አለቃ ሃዋርድ ኤይከን የሚባሉ ቍጡ ሰው ነበሩ። አዲሷን መኰንን ገና እንዳዩ ለምን እንደ ዘገዩ ጠየቋቸው። ከዚያም ወደ መኪናው በእጃቸው አመልክተው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አርክ ታንጀንት ለሚባለው የማዕዘን ስሌት የሚያገለግሉትን ቍጥሮች እስከ 23 አኃዝ ድረስ አስልተው እንዲያመጡ አዘዟቸው። የመማሪያ መጽሐፍ አልነበረም፤ መምህርም አልተመደበላቸውም። የነበረው የትእዛዞች ቍጥር የተጻፈበት ትንሽ ደብተር ብቻ ነው። የዶክተርነት ማዕርግ ያላቸው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያስተማሩ ሴት በዚያች ቀን ፊደል እንደማይለይ ሕፃን ሆኑ።

እንግዲህ ማን አስተማራቸው? በክፍሉ ቀድመዋቸው የገቡ ሁለት ወጣት መኰንኖች ነበሩ፤ ሮበርት ካምቤልና ሪቻርድ ብሎክ ይባላሉ። ብሎክ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረ፣ ለወይዘሮ ሆፐር ተማሪ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው። እኒህ ሁለቱ ሽበት ያላቸው የኮሌጅ መምህርት መምጣታቸውን በሰሙ ጊዜ፣ ከአጠገባቸው ላለመቀመጥ አንዱ ለሌላው ጉቦ ሰጥቶ እንደ ነበር ወይዘሮ ሆፐር በኋላ እየሳቁ ያወሩት ነበር። ቢሆንም የማያውቁትን ለመጠየቅ አላፈሩም፤ ልጆቹም አስተማሯቸው። እኔ ራሴ በዕድሜ ገፍቼ ስጀምር ያየሁትን ለመናገር ይፈቀድልኝና፣ ለጐልማሳ ጀማሪ ዋናው ጠላት የማስታወስ ችሎታ ማነስ አይደለም። ዋናው ጠላት ልጁ ከሚሆን ሰው ፊት አላውቅም ለማለት ማፈር ነው። እኔም ለብዙ ወራት ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስማር፣ ጆሮዬ እስኪቀላ ድረስ ያፈርሁባቸው ቀናት ነበሩ።

ማርክ አንድ ትእዛዙን የሚቀበለው በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ነበር። በየመሥመሩ 24 ቀዳዳ ሊበሳበት የሚችል ቦታ አለ፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ቍጥሩ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ በቀዳዳዎቹ ይነገራል። መኪናው አንዱን መሥመር ያነባል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ሥራ ደጋግሞ መሠራት ካለበት የወረቀቱን መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር በሙጫ ያጣብቁትና እንደ ቀለበት ይዞራል። በእኛ ክፍል ተማሪዎች ሉፕ የሚሉት ነገር ያን ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ ቀለበት ነበር ማለት ነው። ትንሿ ባለ ጎማ ሮቦታችንም ብትሆን የምትሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ትእዛዝ ታነባለች፣ ሞተሯን ታዞራለች፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመልሳ ግድግዳው ቀርቦ እንደ ሆነ ትመለከታለች። ወረቀቱ ቀረ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት መኪናው ሌሊት ሲቆም ተጠርተው የሚነሡ፣ ከአጠገቡ የሚያድሩ ሆኑ። ከሠሩት ስሌት አንዱ ጆን ቮን ኖይማን የሚባሉት ታላቅ የሒሳብ ሊቅ በ1944 ይዘውት የመጡት ነበር። ለምን እንደሚውል አልተነገራቸውም። ይኸው ስሌት ወደ ውስጥ የሚፈነዳውን ቦምብ ይመለከት ነበር፤ እንደዚያ ያለው ቦምብ በኦገስት 1945 ናጋሳኪ ላይ ወደቀ። የምናሰላው ለምን እንደ ሆነ ሳናውቅ ማስላት ከባድ ነገር ነው፤ ፕሮግራም የሚማር ወጣት ይህንንም ቢያስብበት አይከፋም።

ኤይከን ወይዘሮ ሆፐርን ስለ መኪናው መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸው። እርሳቸው መጽሐፍ ጽፈው እንደማያውቁ ቢናገሩም፣ ባሕር ኃይል ውስጥ መሆናቸው ተነገራቸውና ጻፉ። በየቀኑ የጻፉትን ገጾች ለአለቃቸው ያነቡላቸው ነበር። በ1946 የታተመው ይህ መጽሐፍ ከ5 መቶ ገጾች በላይ አለው። እርሳቸው ሲመጡ መጽሐፍ አላገኙም፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ጀማሪ ግን አገኘ። ቀሪው ዕድሜያቸው ሁሉ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህንኑ ነገር በልዩ ልዩ መንገድ ደጋግሞ መሥራት ነበር።

በሴፕቴምበር 1947 በማርክ ሁለት መኪና ውስጥ የእሳት ራት ገብታ ሥራ ማቆሟና በመዝገብ ላይ ተለጥፋ መቅረቷ በብዙ ቦታ ይነገራል። እውነት ነው፤ መዝገቡም በዋሽንግተን ቤተ መዘክር ይገኛል። ነገር ግን ራቷን ያገኙት ወይዘሮ ሆፐር ናቸው፣ ስሕተትን በእንግሊዝኛ ተባይ ብሎ መጥራትም ከዚያ ቀን ጀመረ የሚሉት ተሳስተዋል። ቃሉ ከዚያ አስቀድሞ በመሐንዲሶች ዘንድ ይነገር ነበር፤ እርሳቸው ታሪኩን ደጋግመው በማውራት አሳወቁት እንጂ።

ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ዓመታት መልካም አልነበሩም። በ1945 ከባላቸው ጋር ተፋቱ። በመደበኛው ባሕር ኃይል ለመቅረት ቢጠይቁ ዕድሜያቸው አልፏል ተብለው በተጠባባቂነት ብቻ ቀሩ። በሃርቫርድም ቋሚ ቦታ አላገኙም። በዚያን ጊዜ ወደ መጠጥ አዘንብለው እንደ ነበርና ወዳጆቻቸው አጥብቀው እንደ ገሠጿቸው ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች መዝግበዋል። ለተማሪዎች በሚታተም መጽሔት ይህን መሸፈን ልማድ ነው፤ እኔ ግን ልሸፍነው አልወደድሁም፤ ከወደቁበት ተነሥተው የሠሩት ሥራ ከዚያ በፊት ከሠሩት ይበልጣልና።

በ1949 ወደ ፊላደልፊያ ሄደው የኤኬርትና የሞክሊ ኩባንያ ውስጥ ገቡ። ዕድሜያቸው 42 ዓመት ነበር፤ እንደገናም ጀማሪ ሆኑ። አዲሱ መኪና ባይናክ ቍጥር የሚያነበው እንደ እኛ በአሥር ሳይሆን በስምንት ነው። በዚህ አቈጣጠር ከ7 ቀጥሎ የሚመጣው 10 ይሆናል። ወይዘሮ ሆፐር በስምንት መደመርና መቀነስ አሳምረው ተማሩ። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የባንክ ሒሳባቸው ከባንኩ መዝገብ ጋር አልገጥም አላቸው። ባንክ ቤት የሚሠራው ወንድማቸው ደብተራቸውን ቢመረምር፣ የገዛ ገንዘባቸውን በስምንት እየቀነሱ ኖረዋል። አንድ የሒሳብ ዶክተር በዚህ ከተሳሳቱ፣ እኛ ጀማሪዎች ስንሳሳት የምንደነግጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ያን ጊዜ ነው ሰው የመኪናን ቋንቋ እንዲማር ከማስገደድ መኪናውን የሰውን ቋንቋ ማስተማር አይሻልምን ብለው ማሰብ የጀመሩት። በሃርቫርድ ሳሉ እያንዳንዱ ሠራተኛ በትክክል የሠራለትን ትእዛዝ በደብተሩ ጽፎ ያስቀምጥ ነበር፤ ሌላው ሲያስፈልገው ይገለብጠዋል። ሲገለበጥ ግን ቍጥር ይሳሳታል። ስለዚህ እነዚያን ቍርጥራጮች በመግነጢስ ጥቅልል ላይ አስቀምጠው መኪናው ራሱ እየፈለገ፣ እየገለበጠና እያያያዘ ሙሉ ፕሮግራም እንዲያበጅ አደረጉ። ኤ ዜሮ የተባለው ይህ ሥራ በ1952 ተፈጸመ። ኮምፓይለር የሚል ስም ሰጡት፤ ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ነገር ከዚያ እጅግ የሰፋ ቢሆንም የመጀመሪያው እርምጃ ያ ነበር። ብዙ ሰዎች መኪና ፕሮግራም ሊያበጅ አይችልም ብለው ለማመን እንቢ አሉ፤ ሥራውም እየታየ አላመኑም።

ቀጥለውም በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዝ መኪና ይቻላል ብለው ተነሡ። ነጋዴው፣ የመዝገብ ሹሙ፣ ሒሳብ ያዡ ሁሉ በቀዳዳና በቍጥር ፋንታ ዋጋን በብዛት አባዛ፣ ከመዝገቡ አንብብ እያለ ሊጽፍ ይችላል አሉ። ለአለቆቻቸው ባሳዩ ጊዜ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ያንኑ ትንሽ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም አሠሩት። ለመኪናው ቃል የምልክት ሰልፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ምልክቶቹ ከየትኛው ቋንቋ እንደ መጡ ግድ አይሰጠውም። አለቆቹ ግን ደነገጡ፤ በአሜሪካ የተሠራ መኪና ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊያውቅ አይገባም መሰላቸው። ነገሩ እንዲረጋጋ በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ቃል መግባት ግድ ሆነባቸው፤ ሐሳባቸውም ተቀባይነት እስኪያገኝ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ ተሠራ።

ይህን ሳነብ ወደ ሐሳቤ የመጣው በነቀምቴ ያረፉት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። በልጅነታቸው ሂካ የተባሉ፣ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት የሆነ፣ በባርነት ተሸጠው ነጻ ከወጡ በኋላ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱ ሰው ናቸው። መጽሐፉ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሟል። ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ። የወለጋ ሰው እንግዲህ ሰውን ወደ ማያውቀው ቋንቋ ከመጐተት ነገሩን ወደ ሰውየው ቋንቋ ማምጣት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከሌላው ይልቅ ሊገባው ይችላል። እኔ በጉቴ በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀላቀልሁ ሳስተምር፣ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ቃል እንደ ምልክት ብቻ እንዲያየው እነግረዋለሁ፤ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

በ1959 የመንግሥትና የኩባንያ ባለሙያዎች ተሰብስበው ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ የሥራ ቋንቋ እንዲወጣ ወሰኑ፤ እርሱም ኮቦል ነው። ኮቦልን ወይዘሮ ሆፐር ብቻቸውን ፈጠሩት መባሉ ልክ አይደለም፤ የሠሩት ጂን ሳሜትን የመሳሰሉ ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ሲሆን እርሳቸው አማካሪ ነበሩ። ነገር ግን ብዙው ነገር የተወሰደው ከፍሎው ማቲክ ነው። በ1960 መጨረሻ አንዱ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት ልዩ ልዩ ኩባንያዎች መኪና ላይ ሠራ። ዛሬም ድረስ በዓለም ብዙ ባንኮች ውስጥ የሚሠሩ የኮቦል ፕሮግራሞች አሉ። በእኛ ክፍል የምንጠቀምባት በ2005 በኢጣልያ የተጀመረችው አርዱይኖ የተባለች ሰሌዳም ብትሆን፣ በቃላት የተጻፈላትን ትእዛዝ ወደ ቍጥር የሚለውጥላት ኮምፓይለር ነው።

በ1966 በ60 ዓመታቸው ባሕር ኃይል ጡረታ አወጣቸው። በ1967 ለስድስት ወር ብቻ ተብለው ተመልሰው ተጠሩ፤ ስድስቱ ወር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ሁልጊዜ እንዲህ ስለ ሠራን እንዲሁ እንቀጥላለን የሚለውን ሰው አይወዱም ነበርና፣ ሰዓት ወደዚያም ቢዞር ጊዜን እንደሚያሳይ ለማስረዳት ነው። (ከፈረንጅ ሰዓት ጋር ስድስት ሰዓት ተለያይተን ለምንኖር ለእኛ ይህ ብዙ አይደንቀንም።) በ1985 ሪር አድሚራል የሚለውን ማዕርግ አገኙ። በኦገስት 1986፣ 80 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊት መርከብ ላይ በክብር ተሰናበቱ። ከዚያም ቤት አልተቀመጡም፤ በዲጂታል ኩባንያ በአማካሪነት ሥራ ያዙ።

በየአገሩ እየዞሩ ሲያስተምሩ የሚታወቁት በአንድ ነገር ነው። የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ምን ያህል እንደ ሆነ በዓይን ለማየት ስለ ፈለጉ፣ ብርሃን በዚያች ቅጽበት የሚሄደውን ርቀት ያህል ሽቦ አስቈረጡ። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ ሽቦውን በእስር በእስር እየያዙ ለሕፃኑም ለጄኔራሉም ያድሉ ነበር። ከሳተላይት የሚመጣ ድምፅ ለምን እንደሚዘገይ ለሚጠይቃቸው ሹም፣ ከምድር እስከዚያ ድረስ ስንት እንደዚህ ያለ ሽቦ እንደሚደረደር እንዲያስብ ይነግሩት ነበር።

አድሚራል ግሬስ ሆፐር በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው በቨርጂኒያ ዐረፉ፤ በአርሊንግተን መካነ መቃብር በወታደራዊ ሥርዐት ተቀበሩ። ኋላም አንዲት የጦር መርከብ በስማቸው ተጠርታለች።

ዘንድሮ ክፍሉን ስንከፍት ከአሮጌ የስልክ ሽቦ 30 ሳንቲ ሜትር እየቈረጥን ለጀማሪዎች ሁሉ አደልን። ያ ኦቦም አንድ ደርሷቸዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ይመጣሉ፤ የሚቀመጡትም ከልጃቸው አጠገብ ነው፤ ሲያቅታቸው የሚጠይቁትም እርሱን ነው።